በግማሽ ፊቷ የምትስቀው ጠባቂ

አንድ ሰዓሊ ነበረ። ሥራው የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ የሚገቡ ሰዎችን መፍጠር ነው። ዘንዶ የሚበርበት፣ ድንጋይ የሚናገርበት፣ ያልነበረና የማይኖር አገር ይሠራል፤ በዚያ አገር የሚዋጉትን ጀግኖች መልክና ቁመና የሚያወጣው እሱ ነው። ስሙ ደምለው ይባላል። እጁ የተባረከ ነው ይሉታል የሚያውቁት። እጅ ሲባረክ ልብም አብሮ ቢጸና ምን ነበረበት! ሁለቱን አንድ ላይ የሚያገኝ ግን ጥቂት ነው፤ ይህም ታሪክ የሚነገረው ለዚሁ ነው።

ደምለውን ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ትርንጎ ናት። እናትና አባታቸው ሲሞቱ እሱ ገና ፊደል አልቆጠረም ነበር። ትርንጎ በከተማው ሕንፃ በተጀመረበት ሁሉ እየሄደች፣ በቀን ሥራ ድንጋይና አሸዋ ተሸክማ መወጣጫ ስትወጣ ኖረች። ሁልጊዜ የምትሸከመው በቀኝ ትከሻዋ ስለነበር ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ዝቅ ብሎ ቀረ። አንድ ቀን ደግሞ ድንጋይ ተሸክማ ስትወጣ፣ ሠራተኞች ሲያጥፉት የነበረ የፌሮ ብረት አመለጣቸውና ቀኝ ጉንጯን ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ ቀደደው። ሸክሟን ጥላ ዘወር ብትል ትድን ነበር። ከታች ሰዎች ነበሩና አልጣለችውም።

ቁስሉ ሲሽር ጠባሳው ቀረ፤ ቀኝ ፊቷም መንቀሳቀስ ተወ። ከዚያ ወዲህ ትርንጎ ስትስቅ በግራ ፊቷ ብቻ ነው የምትስቀው። ፎቶ መነሣትንም እርም አለች። መታወቂያዋ ላይ ያለው ፎቶ ከጉዳቱ በፊት በወጣትነቷ የተነሣችው ነው፤ እሱም ውሃ ገብቶበት ፊቱ ጠፍቷል።

ደምለው የሚሠራበት የጌም መሥሪያ ቤት ባለቤት አቶ ናሁሰናይ አንድ ቀን ጠርተው አስቀመጡት።

«ትልቅ ጌም ልንሠራ ነው» አሉት። «ጭጋግ በማይለየው ምድር አንድ ግንብ አለ። ዘንዶው እየመጣ ያፈርሰዋል። አንዲት ሴት ብቻዋን ድንጋይ እየተሸከመች ትጠግነዋለች፤ ዘንዶውንም ትዋጋዋለች። ሴትዮዋን ሥራልኝ።»

ደምለው ማንን እንደሚሥል ለማሰብ ጊዜ አልፈጀበትም።

አንድ ወር ሙሉ ሠራ። የብረት ልብስ ስንት እንደሚከብድ፣ ቆዳ በየት በኩል እንደሚሰፋ አጠና። ጦር የሚሰነዘረው ወደ ደረት ነው ብሎ ደረቷን ሸፈነ፤ እሳት የሚመጣው ከላይ ነው ብሎ ራሷን ሸፈነ፤ ድንጋይ የሚወድቀው እግር ላይ ነው ብሎ እግሯን ሸፈነ። ስፌቱን አንድ በአንድ፣ አቧራውን ሳይቀር ሣለ። ሲጨርስ እውነት የሚባል ነገር አልጎደላትም። ግን የቤቱ ሠራተኞች መጥተው አዩና «ጎበዝ» ብለው ወደየወንበራቸው ተመለሱ። ማንም ሁለተኛ ዞሮ አላያትም።

ይህ ነገር ሲከነክነው መምህሩ ዘንድ ሄደ። መምህሩ አለቃ ገብያው በጉልምስናቸው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥሉ የኖሩ፣ ለደምለውም የመጀመሪያውን እርሳስ ያስያዙት ሽማግሌ ናቸው። ኮምፒውተሩን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ብዙ አዩ።

«እውነት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግን ደርቋል። ስፌቱን ሁሉ ቆጥረህ ነገርኸኝ። ዓይኔ የት ይረፍ?»

«አለቃ፣ ያለውን እንዳለ እኮ ነው የሣልኩት።»

«ያለውን እንዳለማ የውሃ ጋንም ያሳያል፣ ጎንበስ ብለህ ብታይበት። እኔ የሣልኳቸውን ጻድቃን ዓይን አላየህም? እንዲያ ያለ ዓይን የተሸከመ ሰው በየትኛው ገበያ አጋጥሞህ ያውቃል? ክፉውን ደግሞ በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ነው የምንሥለው። ሁለተኛው ዓይኑ ጠፍቶ ነው? አይደለም። ይህ ያያል፣ ያ አያይም ለማለት ነው። ያለውን አግንን። የሌለውን አትለጥፍ፤ ያለውን አትስረቅ። እንዲያ ካደረግህ ማማሩ ራሱ ይመጣል።»

ደምለው እጃቸውን ስሞ ሊነሣ ሲል ሽማግሌው ያዙት።

«አንድ ነገር ልጨምርልህ። ግድግዳ ላይ የሚሥል ሰው ሁለተኛ ቅጂ የለውም። በላዩ ከቀባህበት የቀድሞው ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ብሩሽህን ከማንሣትህ በፊት አስብ።»

ደምለው ከዚህ ምክር ግማሿን ብቻ ይዞ ሄደ። የሙያ ጓደኞቹ ሥራቸውን በየቀኑ በአዲስ የፋይል ስም እያስቀመጡ የትናንቱን ያቆያሉ። እሱ ግን ሁልጊዜ በዚያው በአንድ ስም ላይ ይደርባል። «እኔ የግድግዳ ሰዓሊ ተማሪ ነኝ፤ አሮጌውን የሚያከማች በእጁ የማይተማመን ነው» እያለ ይጀነንባቸዋል። ብሩሽ ከማንሣት በፊት ማሰብ የሚለው የት እንደገባ እሱ ይወቀው።

ተመልሶ እንደገና ሠራት። በዚህ ጊዜ ስፌቱን አደበዘዘው። ዝቅ ያለውን ቀኝ ትከሻ አጎላው፤ የብረት ልብሱም በዚያ በኩል ወፈረ፣ የሸክም ድንጋይ የሚያርፍበት ሰፊ መደብ ሆነ። ክንዷን አወፈረው። የራስ ቁሯን አወለቀላትና በጭጋጉ ውስጥ ያለው ብርሃን ሁሉ ጠባሳው ላይ እንዲያርፍ አደረገ። ከዚያ አሳቃት፤ በግራ ፊቷ ብቻ። አሁን ሠራተኞቹ መጥተው ከኋላው ቆሙ። ለረጅም ጊዜ የሄደ አልነበረም። ያቺ ሴት ቆንጆ ነበረች፤ ድንጋይም ታነሣ ነበር።

በዚያው ዕለት ኮምፒውተሩን ይዞ ወደ ቤት ሄደ። ትርንጎ ሥራ ካቆመች ሰንብታለች፤ ሲሚንቶ የበላው ሳንባዋ ሳል ብቻ ሆኗል። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ የኮምፒውተሩን መስኮት አየችው። ከዚያ በግራ ፊቷ ሳቀች፤ መስኮቱ ውስጥ ያለችውም ሴት በግራ ፊቷ ትስቅ ነበር።

«ውይ በሞትኩት!» አለች። «ይቺ እኔ አይደለሁ እንዴ?»

«አስጠላሽ፣ እትዬ?»

«ምን ያስጠላኛል! ይህን ሁሉ ዓመት መስታወት ስሸሽ ኖርኩ። እንዲህ መሆኔን ማን ነገረኝ?» ጠባሳዋን በመዳፏ ዳበስ አደረገችው። «ስማኝ ደምዬ፣ ይቺን አሳትመህ አምጣልኝ። እኔ እንደሆነ ፎቶ የለኝ። የሞትኩ ዕለት ድንኳን ውስጥ ምን ልታቆሙ ነው? ለቀስተኛው ማንን አይቶ ሊያለቅስልኝ ነው? ይቺን አቁሙልኝ።»

«ደግሞ ምን ሟርት ነው!»

«ሟርት አይደለም። ሰው ነኝ፤ እሞታለሁ።»

«እንግዲያው የጌሙ ትርዒት እስኪያልፍ ጠብቂኝ። እስከዚያ አንድም ሥዕል ታትሞ እንዳይወጣ ተከልክለናል። ትርዒቱ እንዳለቀ በትልቁ አሳትሜ፣ በመስታወት አስገብቼ አመጣልሻለሁ።»

«እስከዚያ እንዳትነካብኝ ታዲያ።»

«አንቺን ይንሳኝ፣ አልነካትም!» አለ ደምለው። ሰው ሲምል አፉ እንጂ ጆሮው አብሮ አይሠራም።

አቶ ናሁሰናይ ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑማ ደምለው ያምፅ ነበር። ሥዕሏን ሲያዩ ከልባቸው አጨበጨቡ፤ ከሠራተኛው ሁሉ በላይ የደምለው ስም በጨዋታው መክፈቻ ላይ ተጽፎ እንደሚወጣም በሰው ፊት ተናገሩ። ደምለው ይህን ሲሰማ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። በሳምንቱ ጠሩት።

«ግሩም ናት» አሉ። «ግን ክንዷ ትንሽ አልበዛም? ተጫዋቹ ገና ሲያያት እንዲወዳት እኮ ነው የምንፈልገው።»

«በቀጭን ክንድ ድንጋይ አይነሣም፣ ጋሽ ናሁሰናይ።»

«ዘንዶ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ በዘንዶ ያመነ ሰው በቀጭን ክንድ ማመን ያቅተዋል? መልክ ይስጥሽ እንጂ ሙያ ከጎረቤት ይገኛል ሲባል አልሰማህም?»

ደምለው ሳቀ። ነገሩን ለአለቃ ሲያወራላቸው ሽማግሌው አልሳቁም።

«ዘንዶውን እኔም አይቼው አላውቅም» አሉ። «ዘንዶውን የሚያሳምነኝ ፊቱ የቆመችው ሴት ናት። እሷ ከከበዳት እሱም ይከብደኛል። እሷን ካላመንኳት ግን ዘንዶህ የወረቀት እባብ ነው። ሂድና እንዲህ ብለህ ንገረው።»

ደምለው ሄደ። አልነገራቸውም። ስሙ መክፈቻው ላይ ሊጻፍ ነው፤ በአንድ ክንድ ምክንያት ሰው ማስቀየም ምን ይባላል አለና ክንዷን አቀጠነው። በዚያው ስም ላይም ደረበው።

በቀጣዩ ሳምንት ወገቧ ሆነ። ከዚያ የብረት ልብሷ ደረቷ ላይ ተቀደደ፤ ቀጥሎ ሆዷ ላይ፤ ቀጥሎ ጭኗ ላይ። «ዘንዶው እሳት ሲተፋ በባዶ ሆዷ ልትቀበለው ነው?» ብሎ ደምለው ቀለደ፤ ሁሉም ሳቁ፤ ከሳቁ በኋላም ቀደደው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል። እሱን ግን ማንም በመጫኛ አልጣለውም፤ በምስጋና ነው የጣሉት። በየጊዜው «ፊቷን አልነካሁም፣ ትከሻዋን አልነካሁም» እያለ ራሱን ያጽናና ነበር። እውነቱን ነው፤ እስከዚያ ድረስ አልነካም።

ትርዒቱ አምስት ቀን ሲቀረው ልብስ የሚያለብሱት ሠራተኞች ተንጫጩ። ተጫዋቹ ሴትዮዋን እንዳሻው የሚያለብሳት ሠላሳ ዓይነት ልብስ ተሰፍቷል፤ ሁሉም የተሰፋው ትከሻው እኩል ለሆነ ገላ ነው። እሷ ላይ ሲያደርጉት በቀኝ በኩል ይንሸራተታል፣ ይቀደዳል፣ ገላዋ ልብሱን በስቶ ይወጣል።

«ሠላሳ ልብስ ከምናጣምም አንድ ትከሻ ብናቀና አይሻልም?» አሉ አቶ ናሁሰናይ በለሰለሰ ድምፅ። «ያ ጠባሳም ቢሆን... አንተ ታውቃለህ። እኔ አላስገድድህም።»

በዚህ ሙያ አንድ የታወቀ አሠራር አለ። የሰው ቀኝና ግራ ስለሚመሳሰል ሙሉ ሰው የሚሠራ የለም፤ ግማሹን ብቻ ይሠሩና አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ማሽኑ ያንኑ ገልብጦ ሌላኛውን ግማሽ ይሞላዋል። ቀለም የነካ ወረቀት ከመሐል አጥፎ እንደመዘርጋት ነው። ደምለው ለትርንጎ ብሎ ይህን ቁልፍ አንድም ቀን ነክቶት አያውቅም። ቀኟን ለብቻ፣ ግራዋን ለብቻ ነበር የሠራት።

እጁን ቁልፉ ላይ አሳረፈ። «ለትርዒቱ ያህል ነው፤ በኋላ እመልሳታለሁ» አለ በልቡ። ተጫነው።

ማሽኑ ጠየቀው፤ ይገለበጥ የተባለው የትኛው ወገን ነው?

ደምለው ግራውን መረጠ። ጠባሳው ጠፋ። ትከሻዋ ቀና አለ። ሳቋም ሙሉ ፊቷን ሞላው። ሠራተኞቹ እፎይ አሉ፤ ሠላሳውም ልብስ ልክክ አለ። ደምለው ለአፍታ ያህል ትክ ብሎ አያትና፣ እጁ እንደለመደው በዚያው ስም ላይ ደረበው።

ትርዒቱ አማረ። ግድግዳ በሚያህል መስኮት ላይ ብቅ ስትል ወጣቱ ጮኸ፣ አፏጨ፣ ስልኩን አወጣ። የደምለው ስም ከሁሉ ቀድሞ ወጣ። ደስ አለው? መዋሸት አያስፈልግም፤ በጣም ደስ አለው። በማግሥቱም በሦስተኛውም ቀን ቃለ መጠይቅ ሲሰጥ ዋለ።

ትርንጎ በዚያ ሳምንት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። በአራተኛው ቀን ሲመጣላት ከሳሏ መሐል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ሥዕሌስ?»

«እየታተመ ነው፣ እትዬ።»

በግራ ፊቷ ሳቀችለት። በማግሥቱ ጠዋት አረፈች። ይንሳኝ ብሎ የማለባትን ነሣው።

የእድሩ ዳኛ ድንኳን እያስተከሉ «ፎቶዋን ቶሎ አምጣልን» አሉት። ደምለው ወደ ሥራ ቤቱ ሮጠ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ የቀድሞዋን ፈለገ። አንድ ስም ብቻ አለ፤ በስሙ ውስጥም አንዲት ሴት ብቻ አለች፤ እኩል ትከሻ፣ ጽዱ ጉንጭ። የትናንቱን ፈለገ፣ የባለፈውን ወር ፈለገ፣ ጓደኞቹን ጠራ፣ አቶ ናሁሰናይ ራሳቸው ተደናግጠው መጡ። ያየ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«በእጄ እሠራታለሁ፤ ያሳደገችኝን ፊት ልረሳ ነው እንዴ!» ብሎ ብዕሩን ያዘ። መጀመሪያ ጠባሳውን ሊያወጣ ሲል እጁ ቆመ። በየትኛው ጉንጯ ነበር? በቀኝ ነው በግራ? ሰው ፊት ለፊት ሲሣል ቀኙ በሰዓሊው ግራ ነው የሚውለው፤ ደምለው ደግሞ ሁለቱም ጉንጯ አንድ የሆነውን ፊት ሲያይ ሰንብቷል። ዓይኑን ጨፈነ። የመጣችለት ያቺው ግድግዳ በሚያህለው መስኮት ላይ ያያት ናት፤ በሙሉ ፊቷ ትስቃለች። ቢገፋትም ወደ ኋላ አልል አለችው። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀሰ።

ድንኳኑ እየጠበቀ ነው። የዚያችኑ ቆንጆ ፊት አወጣና በግምት ግራ ጉንጯ ላይ አንድ መስመር አሰመረ። አሳተመው፤ ቃል እንደገባላት በመስታወት አስገባው።

ከየግንባታው የመጡት ሴቶች ልብስ ሳይቀይሩ፣ ሲሚንቶው እግራቸው ላይ እንደደረቀ፣ በድንኳኑ አንድ ጥግ ተቀምጠው ነበር። ሥዕሉ ከፊት ወንበር ላይ ሲቆም ደረት ሊመቱ የተነሡት እጆች አየር ላይ ቀሩ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከኋላ አንዱ ለቀስተኛ ሹክ ሲል ተሰማ።

«ይቺ ደግሞ ማናት? የተሳሳተ ድንኳን ገባን እንዴ?»

ውዴ የምትባል አሮጊት ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ ወደ ሥዕሉ ቀረበች። ከትርንጎ ጋር ለዓመታት የሠራች ናት።

«ልጄ» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ከእህትህ ኋላ ኋላ መወጣጫ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይቺ ልጅ ድንጋይ ተሸክማ አታውቅም። ጠባሳውንም የለጠፍክባት በማያውቀው ጉንጭ ላይ ነው። እባክህ ትርንጎን አምጣልን፤ ልናለቅስላት ነው የመጣነው።»

ደምለው ምን ይበል? የለችም ይበል?

ውዴ መልስ አልጠበቀችም። ከቤቱ በር ጀርባ ተሰቅሎ የነበረውን የትርንጎን የሥራ ኮት አመጣች። ቀኝ ትከሻው በድንጋይ አልቆ ውስጡ ይታያል፤ ኮቱ ራሱ በዚያ በኩል ተንጋዶ ቀርቷል። ሥዕሉን አንሥታ ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረችና ኮቱን ወንበሩ ላይ አለበሰችው። ያን ጊዜ ድንኳኑ በአንድ ድምፅ አለቀሰ። ሴቶቹ ያለቀውን ትከሻ እየዳበሱ «ትርንጎዬ! ትርንጎዬ!» አሉ። ደምለው ከሁሉ ኋላ ቆሞ ኮቱን አየው፤ ጠባሳው በሸክሙ በኩል፣ በቀኝ እንደነበረ ያስታወሰው ያ የተቀደደ ጨርቅ ነው። ወገኑን አወቀ፤ ፊቷ ግን አልመጣለትም።

አለቃ ገብያው ለለቅሶ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

«አለቃ፣ ልመልሳት እችላለሁ?» አላቸው።

«ግድግዳ ሁለተኛ ቅጂ የለውም ብዬህ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ግድግዳ እንኳ ላዩን ሲፍቁት ከሥር ትንሽ ቀለም ይገኝበታል። ያንተ ግን ሥር የለውም፣ ልጄ።» ሌላ የሚያጽናና ቃል አልነበራቸውም፤ ስለሌላቸውም አልፈጠሩለትም።

ጨዋታው ሁለት ወር ያህል ተወራለት። ከዚያ ከሌላ ቤት ወገቧ ይበልጥ የቀጠነ፣ ሳቋ ይበልጥ የሰፋ ሌላ ጀግና ወጣችና ወጣቱ ወደዚያ ሄደ። የግንቡን ጠባቂ ዛሬ የሚያስታውሳት የለም። አቶ ናሁሰናይ ደምለውን ጠርተው «አዲስ ሴት ሥራልኝ» አሉት። እየሠራ ነው። ኮቱን ወንበሩ ጀርባ ላይ አልብሶታል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት የእህቱን ፊት ይሞክራል፤ ቀኟን ለብቻ፣ ግራዋን ለብቻ ይጀምራል። ሲጨርስ ሁልጊዜ ሁለቱ እኩል ሆነው ይወጣሉ። እጁ ያንን ለምዷል።

ወዳጆቼ፣ ከዚህ ታሪክ ውበት ይጠላ የሚል ትምህርት የወሰደ ተሳስቷል። ትርንጎ ራሷ ከመስታወት የታረቀችው ውብ ሆና በተሣለች ቀን ነው። ዘንዶውን እንዳሻችሁ አግዝፉት፤ ግንቡን ደመና አስነኩት፤ በሌለ ዓለም ውስጥ ሰውን አጉልቶ መሣል ነውር የለበትም። ነውሩ ሰው እንዲወድላችሁ ብላችሁ ሰውየውን ሰው ያደረገውን ነገር ማንሣት ነው። ያ ነገር ደግሞ በአንድ ቀን አይነሣም። ዛሬ ክንዱ፣ ነገ ወገቡ፣ ከነገ ወዲያ ሳቁ እየተባለ፣ በለሰለሰ ድምፅ እየተለመነ፣ «በኋላ እመልሰዋለሁ» እየተባለ ነው የሚሄደው። ከሄደ በኋላ የሚመልሰው አላየሁም።

እስቲ አሁን ይህን ማንበብ ትታችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ያሳደጋችሁን ሰው ፊት አስቡ። ጠባሳው በየትኛው በኩል ነው?